እንግሊዝኛን በዓይኑ ብቻ ያስተማሩት ተማሪ ዜናውን በማን ጆሮ ይስማ?

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ነው፤ ዛሬ ግን ለሌላ ጉድ ሳይሰፋ ሳይጠብ ልክክ ብሎ ይገጥማል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ሬዲዮ ክፈቱለት። የአምስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዜና ይነበብለት። ሲያልቅ ምን ሰማህ በሉት። “ፕሬዝዳንት”፣ “ዩናይትድ ኔሽንስ”፣ “ሚሊዮን ዶላር”። አለቀ! ያንኑ ዜና በወረቀት አትማችሁ ስጡት፤ እዚህም እዚያም እየተደናቀፈ ቢሆን ጨርሶ፣ ጭብጡን ይነግራችኋል። እንግዲህ ይሄን ልጅ ምን ልንለው ነው? እንግሊዝኛ አያውቅም? ያውቃል። እንግሊዝኛ ያውቃል? አያውቅም። ዓይኑ የተማረ፣ ጆሮው መሃይም የሆነ ተማሪ ያፈራን ጉደኞች እኛው ነን።

እዚህ ላይ ባለሥልጣኑም፣ ወላጁም፣ በየሻይ ቤቱ የሚፈርደውም ሁሉ አንድ መልስ አለው። “ያሁኑ ልጅ ሰነፍ ነው፤ በእኛ ጊዜ እኮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጣው ነበር!” ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ዳውላው ልጁ ነው። አህያው ደግሞ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ አድርጎ አውጆ ጆሮን ግን ከትምህርት ገበታ ያባረረው አሠራር ነው። እስቲ አንዴ አህያውን እንምታው።

ያወጀው ማነው? ያላስተማረውስ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ይሄ ማለት አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ (እንደ አዲስ አበባ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ) ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማር ተብሏል ማለት ነው። ይማር ከተባለ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሰምቶ መከታተል አለበት። ሰምቶ! በዚህ መሠረት ማዳመጥ የእንግሊዝኛው ትምህርት ራስ መሆን ነበረበት። ነገር ግን የሆነው ምንድነው?

መማሪያ መጽሐፉ ላይ “ሊስኒንግ” የሚል ርዕስ አለ። ጽሑፉ ግን ተማሪው እጅ የለም፤ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ያዳምጣል ነው ዕቅዱ። ክፍሉ እስከ አፉ ሞልቶ፣ የኋላ ወንበር የተቀመጠው እንኳን እንግሊዝኛ አማርኛም በማይሰማበት ሁኔታ መምህሩ አንዴ አንብቦ “ኔክስት ፔጅ” ይላል። እሱም አይፈረድበትም። ከቴፕ የተቀዳ የሰው ድምፅ እየሰማ ያደገ አይደለም። ያስተማረው መምህርም እንዲሁ ነበር። በዚያ ላይ ፈተና ደርሶበታል፣ ምዕራፉ አላለቀለትም። ስለዚህ ማዳመጥ ይዘለላል። ለምን አይዘለል? በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አንድም የማዳመጥ ጥያቄ የለም! ሰዋስው አለ፣ ቃላት አለ፣ አንብቦ መረዳት አለ፣ ንግግር እንኳን ሳይቀር በወረቀት ላይ በምርጫ ይጠየቃል። ጆሮ ግን አይፈተንም። የማይፈተን ነገር ደግሞ እንደማይጠና ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ውጤቱን አየነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው አንልም፤ ጦርነትም ነበር፣ ኮቪድም ነበር፣ የመጽሐፍ እጥረትም ነበር። ግን እንጠይቅ። አራት ዓመት ሙሉ መምህሩ የሚናገረውን በግማሽ ጆሮ ሲሰማ የኖረ ልጅ ከየት አምጥቶ ይመልስ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እኮ ይሄ ነው!

“ዌል ደን!” ያለችው ፕላዝማ

ስለ ጆሮ ከተነሳ ፕላዝማን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት መተላለፍ ሲጀምር ዝግጅቱ የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚያስተምረው ቴሌቪዥኑ ሲሆን የአገሬው መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ቆሞ ይመለከታል። የቴሌቪዥኑ መምህር ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያም “ዌል ደን!” ይላል። ማን ምን መልሶ? የዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ ይሄን ሲያስታውስ አሁንም ይስቃል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጁ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳይገባው “ጎበዝ” ተብሎ አለፈ!

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፕላዝማው ያስተማረን ትልቁ ቁምነገር እንግሊዝኛ በወረቀት የሚያውቅ ልጅ የሚነገረውን እንግሊዝኛ እንደማይሰማ ነው። ይሄ በአገር ደረጃ፣ በሳተላይት፣ በየክፍሉ ታየ። ተማሪው “ይፈጥንብናል፣ አነጋገሩ አይገባንም” ብሎ ጮኸ። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ምን ነበር? “እንግዲያውስ ጆሮን እናስተምር” ማለት። ያ ሰሚ ያጣ ጩኸት ሆኖ ቀረ፤ ስክሪኖቹም በብዙ ቦታ ተበላሽተው አቧራ ጠጡ።

ጆሮ ለምን ይስታል?

ችግሩ የቃላት ማነስ ብቻ ቢሆን መዝገበ ቃላት ይበቃ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። እኛ በግዕዝ ፊደል ያደግን ሰዎች ነን። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ እንጠብቃለን፤ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል፣ የተነበበው ሁሉ ይሰማል። እንግሊዝኛ ግን እንደዚያ አይደለም። አነጋገሩ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ይረግጥና ትንንሾቹን ይውጣቸዋል። “ኤንድ” የተባለው “ን” ብቻ ሆኖ ያልፋል። “ቱ” ወደ “ተ” ይወርዳል። “ላስት ናይት” የሚለው “ላስናይት”፣ “ኔክስት ዴይ” የሚለው “ኔክስዴይ” ይሆናል። ልጁ ደግሞ በክፍል ውስጥ የተማረው እያንዳንዷ ቃል ለብቻዋ፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተለያይታ ስትጠራ ነው። ዜና አንባቢ በደቂቃ 150 ቃላትና ከዚያም በላይ ያነባል። በሰከንድ ከሁለት ቃል በላይ ማለት ነው። ልጁ አንዷን ቃል ልያዝ ሲል ሦስቱ ያመልጡታል፤ ሦስቱን ላሳድ ሲል ዜናው ያልቃል።

ይሄ የፈረንጅ ተንኮል እንዳይመስላችሁ። እኛም እንዲሁ ነን። “ምን ነካህ” ብለን እንጽፋለን፣ “ምነካህ” ብለን እንናገራለን። “የት አለ” የሚለው በአፋችን “የታለ” ነው። “ገና” ሲላላ “አልደረሰም” ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። አማርኛ በመጽሐፍ ብቻ ያጠና ፈረንጅ መርካቶ መሐል ቢቆም አንድ ዐረፍተ ነገር አይዝም። እሱን “ሰነፍ” አንለውም፤ “ጆሮው ገና አልለመደም” ብለን እናዝንለታለን። ታዲያ ለፈረንጅ ያዘንነውን ያህል ለገዛ ልጆቻችን ብናዝን ምናለ?

ዜና ሲሆን ደግሞ መከራው ይብሳል። ለተማሪ መንጠልጠያ ይሆኑታል የተባሉት የቦታ ስሞች ራሳቸው ጉድጓድ ናቸው። ግብጽን ያውቃል፤ “ኢጂፕት” ሲባል በጽሑፍ ያየው ነውና ይደርስበታል እንበል። ጄኔቫን በአማርኛ ሲሰማ የኖረ ልጅ “ጀኒቫ” ሲሉት የሰው ስም ይመስለዋል። አቴንስ “ኤተንዝ” ትሆናለች። ቁጥሩም እንዲሁ ነው። “ፊፍቲን” እና “ፊፍቲ” የሚለዩት በዋናነት ድምፁ የሚረገጠው ከኋላ ነው ከፊት በሚለው ነው። አሥራ አምስት ሰው ሞተ እና ሃምሳ ሰው ሞተ አንድ ነው እንዴ?

በሰው ጆሮ የሚሰማ ሕዝብ

አሁን ወደ ዋናው ቁምነገር እንምጣ። “ዜና ባይሰማስ ምን ቀረበት? በአማርኛ ይስማ” የሚል አይጠፋም። ይስማ! በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ዓለም አቀፍ ዜና መሰማቱ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የእኛ ሕዝብ ነገር ሲጠብቅ “ቢቢሲ ምን አለ? ሲኤንኤን ምን አለ?” ማለቱ አይቀርም። ይሄንን የሚያውቁ ብልጦች ደግሞ ሞልተዋል። በየስልኩ፣ በየዩቲዩቡ አንዱ ተነስቶ “ቢቢሲ ዛሬ እንዲህ ብሎ አፈነዳው!” ይላል። ሰሚው ሄዶ የሚያመሳክርበት ጆሮ የለውም። ስለዚህ ያምናል፤ አምኖም ለሌላው ያቀብላል። አንዱ ወገን በዚህ በኩል ቆርጦ ይተረጉማል፣ ሌላው ወገን በዚያ በኩል ቀጥሎ ይተረጉማል። ሕዝቡ መሐል ላይ ቆሞ የሁለት ውሸታሞች ታዛቢ ይሆናል።

ተርጓሚው ቅን ቢሆን እንኳን አደጋው አለ። የእንግሊዝኛ ዜና ጥንቃቄውን የሚያስቀምጠው በትንንሽ ቃላት ውስጥ ነው። “አሌጅድሊ” ማለት “እንዲህ አድርጓል ተብሏል፣ ገና አልተረጋገጠም” ማለት ነው። “ሪፖርትድሊ” ማለት “ተብሎ ተዘግቧል” ነው። “ሜይ”፣ “ማይት”፣ “ኩድ” ሲል “ሊሆን ይችላል” እንጂ “ሆነ” አላለም። እነዚህ ቃላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይረገጡ ሹልክ ብለው የሚያልፉ ናቸው። ያልሠለጠነ ጆሮ “ገደለ” የምትለዋን ይይዝና “ተብሏል” የምትለዋን ይጥላል። “ካን” እና “ካንት”ም በፈጣን አነጋገር ለባዕድ ጆሮ ተቀራርበው ስለሚሰሙ “ይቻላል” የተባለው “አይቻልም” ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስቡት! በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በወሰን ነገር በተወጠረ አገር አንዲት “ተብሏል” ስትወድቅ ስንት ቤት አብራ ትወድቃለች? ጆሮን ማሠልጠን የቅንጦት ነገር የሚመስለው ካለ ይሄን ያስብ።

ጆሮ ከመደብ ጋርም ይያያዛል። የባለሀብቱ ልጅ በሕፃንነቱ የእንግሊዝኛ ካርቱን እየሰማ ያድጋል፤ ጆሮው በነጻ ይማራል። ውጭ አገር ለመማር የሚጠየቀው ፈተና፣ አይኤልትስ የሚባለው፣ የማዳመጥ ክፍሉ 40 ጥያቄ ያለውና ድምፁም አንዴ ብቻ የሚሰማ ነው። ይደገምልኝ ብሎ ነገር የለም። የድሃው ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማዳመጥ ፈተና የሚገጥመው እዚያ ነው፤ ያውም ወላጆቹ ለፍተው ባጠራቀሙት ገንዘብ። ይሄንን የሚያውቁ ነጋዴዎችም በየአጥሩ “በሦስት ወር እንደ ነጭ ያወራሉ!” የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። በሦስት ወር? ዶሮ እንኳን በሦስት ወር አንጀቷ አይጠናም። መንግሥት የተወውን ጎደሎ ቀማኛ ይሞላዋል ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ምን አደረገ?

“ገንዘብ የለንም፣ ላቦራቶሪ የለንም” የሚለውን ሰበብ አንቀበልም። ይሄ ነገር በርካሽ እንደሚሠራ ዓለም ካሳየ ቆይቷል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 “ስፔሻል ኢንግሊሽ” የተባለ ዝግጅት ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ 1,500 ገደማ መሠረታዊ ቃላት፣ አጫጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከተለመደው ቀዝቀዝ ያለ ንባብ። እውነተኛ የዓለም ዜና ግን ቀስ ብሎ የሚነበብ። በአጭር ሞገድ በየአገሩ ስንቱ ሰው በዚያች ዝግጅት ጆሮውን ከፈተ! የፈረንሳዩ ኤርኤፍኢ ለፈረንሳይኛ ተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚቀርብ ዜና አለው። የጀርመን ድምፅ ዶይቸ ቬለ በዝግታ የሚነበብ የጀርመንኛ ዜና ያሰማል። ሁሉን ያስናቀው ደግሞ የፊንላንድ ሬዲዮ ነው። ከ1989 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ዜና በላቲን ቋንቋ ሲያነብ ኖረ! በላቲን! የእናት ልጅ አፉን የማይፈታበትን ቋንቋ ጆሮ እንዳይረሳው ብለው ለፉ። እኛ ደግሞ ሚሊዮን ልጆቻችን የሚማሩበትን ቋንቋ ለጆሮ ማድረስ አቃተን።

በሰው ድግስ መተማመንም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በገፍ ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ ጣቢያው ዝም አለ፤ የተማሪዎቹም ዝግጅት አብሮ። የተበደሩት ጆሮ በአንድ ሌሊት ይነጠቃል። የእኛ ጣቢያዎች የእንግሊዝኛ ዜና ያነባሉ፤ ለኤምባሲና ለእንግዳ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተብሎ፣ ስለ ሐዋሳም፣ ስለ ደሴም፣ ስለ ጅማም በዝግታ የሚነበብ አሥር ደቂቃ ቢጨመርበት ማን ይሞታል?

እስከዚያው ምን ይደረግ?

ተማሪው መንግሥት እስኪነቃ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ መተኛት ከንቱ ነው፤ ያልገባ ነገር አንድ ሺህ ጊዜ ቢጮህ አይገባም። ይልቅ መጀመሪያ የዕለቱን ዜና በአማርኛ ስማ፤ ማን ከማን እንደተጣላ ካወቅህ እንግሊዝኛው ግማሽ መንገድ መጥቶ ይቀበልሃል። ከዚያ አጭሯን፣ የአንድ ደቂቃዋን ዜና ቅዳና ደጋግመህ አዳምጥ። መጀመሪያ የየትኛው አገር ነገር እንደሆነ፣ ቀጥሎ ማን ምን እንዳደረገ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ያዝ። የዜናው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያው ዋናውን ይዟል፤ ሌላው ማብራሪያ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ ሞት እንጂ መጨረሻው ላይ አትባክን። ከዚያ የሰማኸውን በደብተር ጻፍ። ጽሑፉን የምታየው በመጨረሻ ነው። ያመለጠህን በቀይ አስምርና ለምን እንዳመለጠህ ጠይቅ። የማታውቀው ቃል ነበር ወይስ የምታውቀው ቃል ተውጦ ነበር? ያኔ አብዛኛው የምታውቀው ሆኖ ታገኘዋለህ። የጎደለው ጆሮው ነበርና!

የምንለው ይሄ ነው

እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሁን ወይስ በአገር ቋንቋ ይማሩ የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፤ ይቅር የምትሉ ከሆነ ንገሩን፣ እንከራከር። ይሁን ካላችሁ ግን ወይ አስተምሩት ወይ አትጠይቁት! በብሔራዊ ፈተናው ላይ ማዳመጥ ይግባ፤ መጀመሪያ በጥቂት ጥያቄ፣ ከዚያ እየጨመረ። ያን ጊዜ ማዳመጥን የሚዘል መምህር አይኖርም። የመጽሐፉ የማዳመጥ ጽሑፍ ሁሉ በሰው ድምፅ ተቀድቶ፣ በኢትዮጵያዊም በባዕድም አንባቢ፣ ለየትምህርት ቤቱ ይድረስ፤ አንድ ስልክና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ፕላዝማ የፈጀውን አትፈጅም። መምህራን በቅድሚያ ራሳቸው ይሠልጥኑ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የሕዝብ ገንዘብ የሚበሉት ጣቢያዎችም በየቀኑ አሥር ደቂቃ ለተማሪ ጆሮ ይስጡ።

ይሄ ሁሉ ከባድ ከሆነባችሁ አንድ ቀላል ነገር እንጠይቃችሁ። የትምህርት ኃላፊዎች አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተሰብሰቡ፤ የአምስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዜና አንዴ ብቻ ይሰማላችሁ፤ ከዚያም አሥር ጥያቄ ይሰጣችሁ። ውጤቱ እንደ ተማሪዎቹ በአደባባይ ይለጠፍ። ከሃምሳ በታች ያመጣ “ትውልዱ ሰነፈ” እንዳይል ይከልከል።

የሰሚ ያለህ!